በገና ዋዜማ መጥተው ላጡን ክቡር ዶክተር

ለክቡር ዶክተር ዓለምእሸት ደሳለ፣
የኃይልና የአየር ንብረት ፖሊሲ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ የሙጃ ልጅ፣
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ስለ ምድር ሙቀት ሲመክሩ ከአገር አገር የሚዞሩ ሰው ነዎትና የአየሩ መለዋወጥ እንዳይጎዳዎ፣ ጉንፋንም እንዳይደፍርዎ ከልቤ እመኛለሁ። ከኩልመስክ በላይ ያለነው የአስታ ሜዳ ሰዎች ብርዱን ለምደነዋልና ደህና ነን ማለት ይቻላል። እኔ በቀበሌው ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት ያገለገልሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በመሥሪያ ቤትዎ አድራሻ ሦስት ደብዳቤ ልኬ መልስ ባጣ፣ ሥራ በዝቶብዎ እንጂ ንቀውኝ አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ፣ ይህን አራተኛውን ሁሉም ሰው እንዲያነበው በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

ምስጋናዬን ላስቀድም። የዛሬ ሦስት ዓመት በመንደራችን ላይ ያካሄዱት ጥናት ከተመራማሪነት ወደ ዋና አማካሪነት፣ ከዚያም ወደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ መድረክ እንዳወጣዎ ሰምተን ተደስተናል። ጥናቱ የአስታ ሜዳ ሕዝብ የተበታተነ፣ የኤሌክትሪክ ፍላጎቱም ከቁጥር የማይገባ ነው ስላለ፣ ኩልመስክ የደረሰው መስመር ወደ እኛ እንዳይቀጠልና በምትኩ ለየቤቱ አንድ የፀሐይ ፋኖስ እንዲታደል ተወስኗል። የካርቦን አሻራችን አነስተኛ በመሆኑ ለዓለም አርአያ ነን ብለው በጉባኤው መናገርዎም ደርሶናል። አርአያ መሆናችንን ሳናውቅ በከንቱ ስናማርር ኖረናልና ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ የቀረውን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. ሪፖርትዎ ከአንድ መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች ዘጠና ሰባቱን «ዝግ፣ ነዋሪ የሌለው» ብሎ መዝግቧል። ከቡድንዎ ጋር የመጡት ታኅሣሥ 27 እና 28 ነበር። ይህን የሳተው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ባልፈረድንበት ነበር። እዚሁ አጠገባችን ሙጃ ተወልዶ ያደገ ሰው በገና ዋዜማ የላስታ ሰው የት እንደሚገኝ ጠፍቶት በር ሲያንኳኳ መዋሉ ግን ለእኔ ዓይነቱ ትንሽ አእምሮ የሚከብድ ምርምር ነው። በዚያ ዓመት በረዶ ገብሳችንን ስለማረልን መንደሩ ስለት ነበረበት፤ ባል ከነሚስቱ፣ እናት ከነልጆቿ፣ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ተጉዘው ላሊበላ ወርደው ነበር።

፪. የመንደሩን ከብት ሊጠብቁ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱን፣ አያ ደባሱን፣ ፈልገው ማነጋገርዎ ያስመሰግንዎታል። መብራት ቢገባልዎ ለስንት ሰዓት ይጠቀሙበታል ተብለው ሲጠየቁ፣ «ኧረ እኔስ ከብቶቹን አስገብቼ በጊዜ ነው የምተኛው» አሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ስለ ገዛ እንቅልፋቸው የተናገሩት ቃል በሪፖርትዎ የማኅበረሰቡ ፍላጎት ሆኖ ወጥቷል። አያ ደባሱ ይህን ከሰሙ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር «መብራቱን ያስከለከልሁ እኔ ነኝ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እባክዎ መልሱን እርስዎ ይላኩላቸው።

፫. በበዓሉ ማግሥት መሥሪያ ቤትዎ በገጹ ያወጣውን ፎቶግራፍዎን አይቻለሁ። ነጭ ለብሰው ላሊበላ ቤተ ማርያም ግቢ ቆመዋል፤ አምሮብዎታል። ከግራ ትከሻዎ ኋላ ጧፍ ይዛ የምትታየው ሴት ባንችይርጋ ትባላለች፤ አጠገቧ ያለው ባሏ ይታገሱ ነው። ሁለቱም የአስታ ሜዳ ሰዎች ሲሆኑ በመዝገብዎ ቤታቸው ነዋሪ የለውም። ዞር ብለው የት አገር ሰዎች ናችሁ ብለው ቢጠይቋቸው ኖሮ ጥናቱ እዚያው ቆመው ሳለ ባለቀልዎ ነበር።

፬. አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሆን ማሞቂያ ለጤና ጣቢያችን ሰጥቶናል። የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ያደሉን ፋኖስ አያስነሣውም። ባለፈው ጥቅምት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ባንችይርጋ በሰባት ወሯ ወንድ ልጅ ወለደች። ከደረቷ ላይ አስተኛሁት፣ ጋቢ ደረብሁበት፣ ውኃ አፍልቼ በጠርሙስ እያደረግሁ ከጎኑ አኖርሁ፤ እሷ ሲደክማት እኔ ተቀብዬ በገላዬ አሞቅሁት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ማሞቂያው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከነካርቶኑ ነበር። በዚህ ነጥብ ላይ የማሾፍበት አንደበት የለኝም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ዶክተር።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ሁለተኛ ዙር ጥናት እንደሚካሄድና የመስመሩ ነገር በዚያ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚወሰን ለወረዳው የጻፉት ደብዳቤ ደርሶናል። ቀኑም ተቆርጧል፤ ታኅሣሥ 27 እና 28። በዓሉን ላሊበላ አክብረው በዚያው ሥራዎን መጨረስዎ የመንግሥትን ነዳጅ እንደሚቆጥብ፣ ለአየር ንብረቱም እንደሚበጅ እረዳለሁ። በሦስቱ ደብዳቤዎቼ የለመንሁት ግን ቀኑን በአንድ ሳምንት እንዲገፉልን ብቻ ነበር።

መልስ ሲጠፋ መንደሩ ተሰብስቦ መከረ። ዘንድሮ ከአስታ ሜዳ አንድም ሰው ለገና ላሊበላ አይወርድም። ሁሉም በየደጃፉ ተቀምጦ እርስዎን ይጠብቃል። ይህን ለሕዝቡ የተናገሩት ቄስ ገብረመስቀል ንግግራቸውን መጨረስ አቅቷቸው በመካከል ተቀመጡ። በሕይወት ዘመናቸው ገናን ከላሊበላ ቀርተው አያውቁም። ባንችይርጋም ልትወርድ ጧፏን ገዝታ ነበር፤ እሷም ቀርታለች። ሰው መሆናችንን በእርስዎ ቅጽ ለማስመዝገብ የከፈልነው ይህ ነው፤ ካነሰ ይንገሩን።

ዕውቀትዎ እንዲሰፋ፣ ወንበርዎ እንዲደላ፣ የሚቀጥለው ጉባኤም ሞቅ ባለ አገር እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለ ወሰድሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በመዝገብዎ የሌለሁት፣ ግን ያለሁት አክባሪዎ፣
ሲስተር ፅናት እንግዳው
አስታ ሜዳ ጤና ጣቢያ

ማስታወሻ፦ የባንችይርጋ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሁለተኛው ነው፤ በሩ ክፍት ይሆናል። የቤተሰብ ብዛት ሲጠይቋት ሦስት ልትልዎ ትችላለች፤ እስካሁን አንዳንዴ ትሳሳታለች። እርስዎ ለመረጃ ጥራት የሚጨነቁ ሰው ነዎትና፣ እሷን ሳያርሙ፣ ዝም ብለው ሁለት ብለው ይጻፉ።