አባታችን የተኛበት የድንኳን ሰፈር

«ፓርኩ ከመከለሉ በፊት በዚህ ሸለቆ ቋሚ ነዋሪ አልነበረም። አርቢዎች በበጋ ለግጦሽ ወርደው ዝናብ ሲጥል ይመለሱ ነበር። (የአካባቢው ተወላጅ ከሆኑ መሐንዲስ የተገኘ ቃል)»

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤ ከላይ የገለበጥኩልህ ጽሑፍ በፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ፣ ከጎሽ ራስ ቅል አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መሐንዲሱ አንተ ነህ። ከሰላምታ በፊት ይህን ማስቀደሜ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። እንግዲህ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለው? ባለቤትህ፣ ልጅህ፣ አማትህ ሁሉም ደህና ናቸው? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለቴ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ። እናታችን ግን ደህና አይደለችም። ሐኪሙ ወደ ቤት ይዘሃት ግባ ብሎኛል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ።

ከእኔ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትሞት ከአባታችን ጎን እንድትቀበር። ፈቃዱን ለመጠየቅ ቅዳሜ ዕለት ወደ ሸለቆው ስነሣ እኔም ካልሄድኩ አለች፤ ከመኪናው ኋላ ወንበር በትራስ ደግፌ ወሰድኳት።

ማዕከሉ አዲስ ነው፤ ወለሉ ያንሸራትታል። አስጎብኚዋ ትሁት ልጅ ናት። እናታችንን ደግፋ እያስገባች፣ እማማ፣ ሸለቆውን ሲያዩ የመጀመሪያዎ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናታችንም «እኔ አይደለሁም የመጣሁት ልጄ፤ እናንተ ናችሁ» አለቻት። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ግድግዳው ላይ ቁልፍ ሲጫኑት የጅብ ድምፅ የሚያሰማ ነገር አለ። እናታችን ደጋግማ አስጮኸችውና፣ ይሄ ምኑ ጅብ ነው፣ ጉንፋን የያዘው ሰው እንጂ ብላ ተወችው። ቀጥላ ያንን ጽሑፍ አንብብልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። መናደድ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ሐኪም ጥርስ ሊነቅል እንዳደነዘዘው ድድ፣ መነካቴ ታወቀኝ እንጂ አላመመኝም። አሁንም እንደዚያው ነኝ።

የድንኳን ሰፈሩ ከማዕከሉ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ነው። ቤታችን የነበረበት ሜዳ ተደልድሎ ጠጠር ፈሶበታል፤ በረታችን የነበረበት ቦታ መታጠቢያ ቤት ሆኗል። የአባታችን መቃብር እዚያው ሾላው ሥር አለ፤ የድንጋይ ካቡ አልፈረሰም። አንድ ባልና ሚስት የድንኳናቸውን ገመድ አስረውበት፣ ፎጣ አስጥተውበታል። መቃብር መሆኑን ስነግራቸው ክው ብለው ድንኳኑን ሊነቅሉ ተሯሯጡ። እናታችን ግን «ተዉት ልጆቼ፣ እሱ እንግዳ ይወድ ነበር» ብላ ከለከለቻቸው። ሴትዮዋ ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻት። እናታችን እጇን ካቡ ላይ አድርጋ፣ እንሂድ እስክላት ድረስ አላነሣችውም።

የፓርኩ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። የቀድሞ ነዋሪ በትዳር ጓደኛው መቃብር አጠገብ እንዲያርፍ መመሪያው ይፈቅዳል አለኝ፤ ነዋሪ እንደነበርን ግን ልጆች ሁሉ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለብን። ቀጥሎም በተከፈተው በር ግድግዳውን እያሳየኝ፣ «ጌታዬ፣ ወንድምዎ እኮ አልኖርንም ብለዋል። የማንን ልመን?» አለኝ። ዕድሜ ልኬን ተማሪዎችን ማስረጃ አምጡ ስል የኖርኩት ሰውዬ ማስረጃ ተጠየቅሁ።

ያንን ቃል ከየት እንዳመጣኸው አውቃለሁ። ሸለቆውን ሊከልሉ መዝጋቢዎች ሲመጡ፣ ነዋሪ የተባለ ሁሉ ይነሣል ተብሎ ተወራ። አባታችን ሰብስቦን፣ ጠያቂ ከመጣ ለግጦሽ ነው የወረድነው፣ ዝናብ ሲጥል እንመለሳለን በሉ፣ መንገደኛን ማን ያስነሣል ብሎ አስጠናን። አንተ ገና የወተት ጥርስህ አልወለቀም ነበር፤ እንደ ጸሎት ትደግመው ነበር። እሱ ዝናቡ ሳይጥል ሞተ፤ እዚያው ቀበርነው። ነዋሪ ነን ያሉት ምትክ መሬት ተሰጣቸው። እኛን በሉ ዝናቡ ጥሏል፣ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ አሉን።

አስጎብኚዋ ራሷ እንደነገረችኝ፣ ደውላ ስትጠይቅህ የመለስክላት ያንኑ ነው። ልጅ ሆነህ ብትለው ምንም አልልም። አንተ ግን ዛሬ ድልድይ የምትገነባ፣ ሳትለካ የማትቆርጥ ሰው ነህ። ስልኩን ዘግተህ እኔን ወይም እናታችንን መጠየቅ ምን ገደደህ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እናታችን ልጄ የአባቱን ቃል ጠበቀ፣ ምን አጠፋ ትላለች። እሷ ይቅር ብላሃለች፤ እኔ ገና ነኝ።

ባለቤትህን እንደ እህት ሰላም በልልኝ። ልጅህን አጎትሽ ስሞሻል በላት። አማትህን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ ነሥቻለሁ። እናታችን ሁላችሁንም አገላብጣ ስማለች፤ አንተን ለብቻህ።

አሁን የምፈልገው ይህን ነው። እዚያ መወለድህን፣ ክረምት ከበጋ እዚያ መኖራችንን፣ አባታችን እዚያ መቀበሩን በገዛ እጅህ ጽፈህ፣ ፈርመህ ላክ። እንዳትደውል፤ ስልክ ያደረገንን አይተናል። ኃላፊው እስከ መጋቢት መግቢያ እጠብቃለሁ ብሏል፤ እናታችን ግን እስከዚያ ለመቆየቷ ማንም ዋስ አልሆነኝም። ስለዚህ መልስህ በጽሑፍ እስከ የካቲት 25 ቀን እጄ ይግባ።

ታላቅ ወንድምህ
ከእናታችን ቤት፣ የካቲት 4 ቀን