በቦሌ ጣሪያ ላይ የሚዞረው አንቴና

ለውድ ወንድሜ ለዘርአጽዮን፣

እንደምን ከርመሃል? የጎዴ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወባውስ ጋብ አለልህ ወይ? የክሊኒኩ ባልደረቦችህ እንዴት ናቸው? እኔ እህትህ፣ ካንተ ናፍቆት በቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ክረምቱ ዘንድሮ ጨክኗል፤ የገርጂ ጭቃ ጫማ አስወልቆ ያስቀራል።

ቦሌ ያለው መሥሪያ ቤታችን ከእናንተ ክሊኒክ ጋር በሳተላይት ሊገናኝ እንደነበር ሰምተሃል። ሳተላይቷ ዝቅ ብላ ስለምትዞር በቀን አራት ጊዜ በላያችን ታልፋለች፤ ከኛ የተቀበለችውን ለእናንተ ታወርዳለች ተባለ። የሰማይ ፖስተኛ በላት። ቴክኒሻናችን ተወልደ ጣሪያው ላይ አንቴና ተከለ፤ የማለፊያዋን ሰዓትም ኮምፒዩተሩ ላይ ሞላ። ለሙከራ አንድ አንድ መልእክት እንድንጽፍ ሲፈቅዱልን እኔም ላንተ ጻፍኩ።

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ አንድ የግል ኩባንያ በሮኬት አስወነጨፋት። ሮኬቱ ብዙም ሳይርቅ መንገዱን ሳተና ራሳቸው አስወንጫፊዎቹ አፈነዱት፤ ሳተላይቷም ባሕር ገባች። አለቃችን ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አቀርቅሮ ዋለ። እኔ ግን፣ አልዋሽህም፣ እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ አላደረም። በማግስቱ ጠዋት፣ ልክ በሰዓቷ፣ አንቴናው ብድግ ብሎ ቀስ እያለ ከሰሜን ወደ ደቡብ ዞረ። ዘበኛው በዳሳ ቀና ብሎ አይቶ ይሄ ነገር ማንን ነው የሚሸኘው ብሎ ጠየቀኝ። ተወልደ፣ የተሞላለትን ሰዓት ነው የሚከተለው ብሎ ሳቀብን። ገብቶኛል፤ ቢሆንም ያስፈራኛል። አውሮፕላኖቹ አናቱ ላይ ሲያልፉ ንቅንቅ አይልም፤ የሚነሣው ለሌለችው ብቻ ነው።

ኮምፒዩተሩም አንድ መልእክት ይጠብቃል ይላል። የሌሎቹ ተሰርዘዋል፤ የቀረው የኔ ነው። ተወልደን ለምኜ አጠፋልኝ። ጠዋት ስገባ ተመልሶ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ አጠፋው፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። አሁን እሱም መሳቁን ትቷል። ምትክ ሳተላይት ትላካለች እየተባለ ነው፤ ያኔ መልእክቴ እናንተ ጋ ይወርዳል፣ ከማሽኑ አውጥቶ ቀድሞ የሚያነበውም ባዕድ ሰው ነው።

ከማሽን ከምትሰማው፣ ከእህትህ እጅ ይሁን ብዬ ነው የምጽፍልህ። ወንድሜ፣ አባባ አርፏል። በግንቦት ልደታ ማግስት፣ በእንቅልፉ እንዳለ ነው የሄደው። እስካሁን ደህና ነው እያልኩ የጻፍኩልህ ዘመድ ሁሉ፣ ለመስቀል ሲመጣ ይረዳ ስላለ ነው። ለሙከራ ጻፉ ሲሉን ማንም ሳያየኝ እውነቱን ተነፈስኩት። በወረቀት ስላረዳሁህ ይቅር በለኝ።

ብቻህን ሆነህ እንዳታለቅስ፤ የምታምነው ባልደረባ አጠገብህ ይሁን። ለመስቀል ስትመጣ አጎታችን ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ሽማግሌዎች ይዘው ጎህ ሲቀድ ይቀሰቅሱሃል። ያኔ ምንም እንዳልሰማ ሆነህ እንደገና አልቅስላቸው።

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ በርታ ይሉሃል። ትንሿ እህታችን ብርነሽ ሰባተኛ ክፍል አልፋለች፤ እጅ ነስታለች። እማማ አገላብጣ ትስምሃለች። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነው። የምጽፍልህን ማንበብ አትችልም፤ አባትህ ደህና ነው፣ ይስምሃል ብለሽ ጻፊለት አለችኝ። ጽፌያለሁ አልኳት።

እህትህ ፀሐይነሽ
ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 24 ቀን 1987 ዓ.ም.