በሻይ ማንቆርቆሪያህ የተፈተነው ቴርሞስታት

ጁነይዲ፣

አሮጊቷ የጣሊያን እሽቅድምድም መኪናህ ተሠርታለች። ሀዋን ልታመጣ ደብረ ታቦር ከመሄድህ በፊት ግን ይህን አንብብ።

ሻይ እንዳታፈላ! መጀመሪያ ማንቆርቆሪያውን እጠበው። ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን የሚለቀው ቴርሞስታት በፍል ውሃ ካልተፈተነ መክፈቱ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሁለቱን አዲሶች እዚያ ውስጥ ቀቀልኳቸው። ውሃውን ሳልደፋ አጎትህ ሐጂ አሕመዲን ድንገት መጡ፤ አንተም በዚያው ውሃ ሻይ አፈላህላቸው።

«ምን ቅመም ነው? ደረት ይከፍታል» አሉህ።

«ከጎንደር ያስመጣሁት ነው» አልካቸው።

ቴርሞስታቶቹም የመጡት ከጎንደር ስለሆነ ዋሸህ አልልም። ይቅር በለኝ፤ ለሐጂ ግን እንዳትነግራቸው።

ደግሞስ አሮጌውን «ውሃ ይዘጋል» ብለህ ነቅለህ የጣልከው አንተ አይደለህ? ሞተሩ መሞቅ አቅቶት መኪናዋ በየዳገቱ ስትንተፋተፍ፣ የአውራጃው ገዥ እያዩ ስገፋት የኖርኩት እኔ ነኝ።

ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍት። ሀዋ ቅንድብ ያለው ሙሽራ ነው የምትፈልገው።

ሻጩ «ለአሮጌ መኪና ቶሎ የሚከፍተው ይሻላል» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ዘግይቶ የሚከፍተውን መረጥኩ፤ በእሱ ማሞቂያው ደህና ይሠራል። በጉና ተራራ ብርድ የሀዋ እግር መደንዘዝ የለበትም። የእኔ እግር እዚያው ወንበር ላይ ሲደነዝዝ ስለ ማሞቂያ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ይሁን።

እኔ መምህር ወልደማርያም ቤት እያደርኩ ነው። አትፈልገኝ፤ መኪናዋ ያላት ሁለት ወንበር ብቻ ነው።

ቢሻው