የላክሽልኝ አምስት አፖች

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆችሽ፣ ባለቤትሽ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ ይመስገን፣ እጄ አይንቀጠቀጥም። ስለ እጄ ያነሳሁት በከንቱ አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ የጻፈችው እሷ ናት። ፊደሉን እስቲ እይው። ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም አላረመልኝም።

የላክሽው ስልክ ደርሶኛል። ከሱ ጋር ያጣጠፍሽውን ወረቀትም አንብቤዋለሁ። «ለእታለም የሚሆኑ አፖች» ብለሽ አምስቱን በተራ ጽፈሻል፤ ከሥሩም «ጎረቤት ያንብብላት» ብለሻል። ጎረቤት አላስቸገርኩም። የጎልማሶች ትምህርት ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመት እንዳለፈኝ ነግሬሽ ነበር። በአፍ ስለነገርኩሽ ይሆናል የረሳሽው። አሁን በጽሑፍ ነግሬሻለሁ።

የትኛው ጠቀመሽ ብለሽ ጠይቀሻልና ልንገርሽ። መድኃኒት የሚያስታውሰው ጥሩ ነው፤ ግን ጩኸቱ ቁርጥ የሠራሁበትን የልብስ ማጠቢያ ቤት አለቃ ነው። ሲጮህ ብድግ እላለሁ። ጡረታ መውጣቴ ትዝ የሚለኝ ክኒኑን ከዋጥኩ በኋላ ነው። እርምጃ የሚቆጥረው ደግሞ ዘግይቶ መጣ። ሁለታችንም ከአንድ ቤት ወጥተን አንቺ ወደ ክፍል፣ እኔ ወደ አንሶላ እጥበት ስንሄድ የት ነበር? ሠላሳ አንድ ዓመት ከማጠቢያው ወደ ማድረቂያው፣ ከማድረቂያው ወደ መተኮሻው ስመላለስ አንድም የቆጠረልኝ አልነበረም። አሁን ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ ስሄድ «በርቺ» ይለኛል። አጥፍቼዋለሁ።

ፊደል የሚያስተምረው የልጆች ነው። በጣቴ «ሀ»ን ስጽፍበት አንዲት እንቁራሪት ብቅ ብላ ታጨበጭባለች። ሳቄ መጣ። ግን አልዋሽሽም፣ እስከ «ፐ» ድረስ ወረድኩት። በስልሳ ሦስት ዓመት ዕድሜዬ ያጨበጨበልኝ እሷ ብቻ ናት፤ ትኑር። ጽሑፍ የሚያጎላውን ግን ዓይኑ ለደከመ ሁሉ እመክራለሁ። ለመርፌም፣ ለክኒን ብልቃጥም፣ ለጋዜጣም ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አምስተኛው ነው፤ ወረቀት ፎቶ ሲያነሱለት ጮክ ብሎ የሚያነበው።

ከአዳሪ ትምህርት ቤት የጻፍሽልኝን ደብዳቤዎች ታስታውሻቸዋለሽ? አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አንዱም አልጠፋብኝም፤ በትራስ ልብስ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ። ያኔ የሚያነብልኝ የማጠቢያ ቤቱ ጸሐፊ ነበር፤ በየልብሱ ጥቅል ላይ የባለቤቱን ስም የሚጽፈው። እኛ ሴቶቹ «መነጽሩ» ነበር የምንለው። በምሳ ሰዓት የመተኮሻው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያነብልኛል። የከሰዓቱን ክምር የምገፋው እሱን ሰምቼ ነበር። ሴቶቹም፣ ይቺ እድለኛ፣ እህቷ እንዴት ትወዳታለች ይሉ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ አዎ፣ ቅኑ እላቸው ነበር።

ፊደል ከለየሁ በኋላ ራሴ ያላነበብኳቸው በቃሌ ስለማውቃቸው ነው። ስልኩ የመጣ ቀን ግን ለሙከራ የመጀመሪያውን ፎቶ አነሳሁት። ጽሕፈትሽ ንጹሕ ነውና ስልኩ አልተደናቀፈም። «ጫማዬ ተቀዷል፣ ደብተር አልቆብኛል፣ ቶሎ ላኪልኝ» ብሎ አነበበ። በቃ፣ አለቀ። «እታለም፣ ቆመሽ ስትውይ እግርሽን እንዳያምሽ፣ እኔ እዚህ የምማረው ባንቺ እጅ ነው» የሚለው የት ገባ? ይሄ ዕቃ ይዘላል ብዬ ተናደድኩበት። ከዚያ በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት። አልዘለለም። ሁለተኛውን አወጣሁ፣ ሦስተኛውን፣ እስከ አሥራ ዘጠነኛው። ሹራብ። ሳሙና። ደብተር። እንደገና ጫማ።

አልወቅስሽም። ጫማውም ደብተሩም ደርሶሻል፤ ተምረሽ ሰው ሆነሻል። ያ ኩራቴ ነው፣ ማንም አይወስድብኝም። ልጅ ነበርሽ፤ ልጅ እግሩ ሲበርደው ስለ እግሩ ነው የሚጽፈው።

በማግሥቱ ደብዳቤዎቹንና ስልኩን ይዤ መነጽሩ ቤት ሄድኩ። እንደ ድሮው ብቻውን ነው የሚኖረው። ዓይኑ በጣም ደክሟል፣ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። ስልኩን አስነበብኩለት። እስኪያበቃ ሰማ። ለምን ዋሸኸኝ አልኩት። ከወረቀቱ ግርጌ ሁልጊዜ ባዶ ቦታ ይተርፍ ነበር፤ እሱን ነው ያነበብኩልሽ አለኝ። በዚህ ዕድሜህ አታፍርም አልኩት። አፍሬማ ነው በእህትሽ ስም የተናገርኩት አለኝ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። እኔም ስልኩን አጥፍቼ፣ በል ያንን የመጀመሪያውን እንደገና አንብብልኝ አልኩት። ወረቀቱን ሳይዝ አነበበልኝ። አንድ ቃል አልሳተም።

የሚያነበውን አፕ ከስልኬ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ክፋት የለበትም፣ ያለውን በትክክል ያነባል፤ ለሌላ ሰው እመክረዋለሁ። እኔ ግን አንባቢ አለኝ፤ እኔው ነኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ ይዤ እየሄድኩ ለመነጽሩ አነብለታለሁ። ቀስ ስልበት፣ ታነቢያለሽ ወይስ ትተኩሻለሽ ይለኛል። ሳይጨማደድ እንዲወጣ ነው እለዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። መልስሽን በስልክ አትንገሪኝ፤ ጻፊልኝ። ሁለት መስመር ይበቃኛል። ስትጽፊ ግን አስቢበት፤ ከእንግዲህ የማነበው እኔ ነኝ፣ የማነበውም ያለውን ብቻ ነው።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፣ እጅሽንም ለመጻፍ አያክብድብሽ።

ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ያሸገችው
ታላቅ እህትሽ

ከግርጌ ቦታ ስለተረፈኝ፦ ለመነጽሩ ጋዜጣውን ሳነብለት አንዳንዴ መጨረሻው ላይ ያልተጻፈ ነገር እጨምርበታለሁ። ያውቃል። ዝም ብሎ ይሰማኛል።