ቅጠል በማርገፍ ወንጀል ስለተፈረደበት ዛፋችን

ለተከበሩ የሰፈራችን የውበትና አረንጓዴ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ማቀዝቀዣስ ደህና ነው? እኛ ፀሐዩ ከላይ፣ ወበቁ ከታች እየቀቀለን፣ ያጠብነው ልብስ ገመድ ላይ እንዳለ እየሻገተ፣ እርስዎ ስላሉን ብቻ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ምስጋናዬ በአንድ ፖስታ ውስጥ አልገባ ብሎኝ ነው። እኔ ከገበያው ጀርባ ያለሁት ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የእናቴን ግቢ የምንከባከበውም እኔው ነኝ።

አንደኛ፣ ተቆጣጣሪዎን ስለላኩልን እግዜር ይስጥልን። ሰውዬው በዚያ ወበቅ ክራባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቆ መጥቶ ግቢያችንን «ጫካ» ብሎ መዘገበው። ጥፋቴ የወደቀውን ቅጠል በማቃጠል ፈንታ የተክሎቹን ሥር ማልበሴ፣ የጣሪያውን የዝናብ ውሃ በበርሜል ማጠራቀሜና መርዝ አለመርጨቴ ነው። በግቢው ውስጥም «ፈቃድ የሌላቸው እንቁራሪቶች» ተገኝተዋል። ቢምቢውን እየበሉ በነጻ እንደሚያገለግሉን ባስረዳ፣ ያለ ቅጥር ውል መሥራታቸው ሌላ ጥፋት ሆኖ ተያዘባቸው። ግቢውን እንዲለቁ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ቆሜ አነበብኩላቸው። አንዷ ቀና ብላ ስታየኝ ቆየችና ዘላ በርሜሉ ውስጥ ገባች፤ ይግባኝ ማለቷ ነው ብዬ ተረዳሁ።

ሁለተኛ፣ ጎረቤታችንን አርአያ ብለው ስለሸለሙልን። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ገንዘብ ያዥ ሲሆኑ፣ ከሽልማቱ ወዲህ መንደሩ ጋሽ ሞዴል ይላቸዋል። በግቢያቸው የነበረውን ሁሉ ነቅለው የፕላስቲክ ሣር አንጥፈዋል። መመሪያዎ ሣር በየቀኑ ውሃ ይጠጣ ስለሚል ፕላስቲኩን ጠዋት ጠዋት ያጠጡታል። የጽሕፈት ቤትዎ ሣር አጫጅም ማሽኑን እየገፋ መጥቶ አንዱን ጥግ አጨደላቸው፤ ያ ጥግ እስካሁን አልበቀለም፣ ስለዚህ ጋሽ ሞዴል ማዳበሪያ እንዲፈቀድላቸው አመልክተዋል። ቀትር ላይ ግን ፕላስቲኩ እየጋለ ነጠላ ጫማቸውን ስላቀለጠባቸው፣ ወንበራቸውን ተሸክመው እኛ ጫካ ይመጣሉ። ሜዳልያቸውን አንጠልጥለው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ በአጥሩ ላይ አሻግረው የራሳቸውን ግቢ ሲያደንቁ ይውላሉ። ከዚህ ሲያዩት ነው የሚያምረው ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ሦስተኛው ላይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትሕትናዬ ትንሽ ያነክሳል። በአጥሩ በኩል ያለው ትልቁ ዛፋችን ቅጠሉን ጋሽ ሞዴል ፕላስቲክ ላይ በማርገፉ «አረንጓዴ ልማትን በማደናቀፍ» ተከሶ፣ ግንዱ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ እንዲቆረጥ ተወስኖበታል። በምትኩ ቅጠል የማያረግፍ የብረት ዛፍ ሊተከልልን ነው አሉ። ጥላ ይኖረው እንደሆነ ብጠይቅ፣ የጥላው ጉዳይ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ እንደሚታይ ተነገረኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ የእናቴ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከፀሐይ የሚጋርደውም ያው ዛፍ ነው። እማዬ ልቧ ደካማ ነው፤ ሐኪሟ ከሙቀት ጠብቋት ብሎናል። መብራት ሲጠፋ፣ መቼም እንደሚጠፋ ያውቃሉ፣ ማራገቢያዋ ቀጥ ይላል። ያኔ ፍራሿን አውጥቼ ዛፉ ሥር አነጥፍላታለሁ፤ ትንፋሿ ቀስ እያለ እስኪመለስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። በእንቁራሪቶቹ ቀልጃለሁ፤ በዚህ ግን አልቀልድም፣ ፈርቻለሁ። ቀዩን ቀለም አይታ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ለጌጥ ነው ብዬ ዋሸኋት። እሷም የቀቡት ልጆች በዚህ ሙቀት ደክሟቸው ይሆናልና ውሃ አጠጣቸው አለችኝ።

ስለሆነም ዛፉ በገደብ እንዲለቀቅልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። እኔም በበኩሌ መሰላል ላይ ወጥቼ እያንዳንዱን ቅጠል ከመርገፉ በፊት ለመልቀም ግዴታ እገባለሁ። መሰላሉን ጋሽ ሞዴል ይይዙልኛል፤ ቀትር ላይ እንደሆነ እዚሁ ናቸው።

ለፕላስቲክዎ ልምላሜን፣ ለብረት ዛፍዎ ፍሬን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ፣ ላቤም ከግንባሬ ጠብ እያለ፣

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣
የጫካው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የደፈረ ሰው ባይኖር ነው እንጂ ይህን ቀድሞ የሚነግርዎ አይጠፋም ነበር፤ ሹፌርዎ የቢሮውን መኪና በየቀኑ ቀትር ላይ የሚያቆማት ከዚሁ ዛፍ ሥር ነው። መቀመጫዋ እንዳይግልብዎ ተጨንቆ ነው፤ በመንደሩ ሌላ ጥላ አጣሁ ይላል። እባክዎ ከሰኞ በፊት ለመኪናዎ ሌላ ጥላ ያፈላልጉላት። ካገኙም ለእኛም ይንገሩን፤ እማዬንና ፍራሿን ይዘን እንመጣለን።