የደስታ ጠያቂው እኛ ቤት

ይድረስ ለልጄ ለዛንግሞ፣ ፐርዝ፣ አውስትራሊያ፤ ከቡታን፣ ከሃ ሸለቆ። ዕድሜሽ እንደ ወንዛችን የማይነጥፍ ይሁን፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። እኔ እናትሽ እናገራለሁ፣ ታናሽሽ ፔልደን ትጽፋለች። (የተገደፈ ፊደል ካለ ጥፋቱ የእማዬ ምላስ ፍጥነት ነው።)

ጣራው ላይ ያሰጣሁት በርበሬ ቀልቷል። ዘንድሮ ደመናው ቤት መግባት ለምዷል፤ መስኮቱን ስከፍትለት ያንቺ አልጋ ላይ ሄዶ ይተኛል። አላስነሳውም። ትራስሽ ረጥቦ ሳገኘው ግን አልቅሰሽበት የሄድሽ ይመስለኛል።

ማክሰኞ መንግሥት የሕዝቡን ደስታ እንዲጠይቅ የሚልከው ወጣት መጣ፤ ሲንግዬ ይባላል።

"እማማ፣ ቢታመሙ ማን ይደርስልዎታል?"

"ዛንግሞ" አልኩት።

"እማዬ፣ እሷ አውሮፕላን ተሳፍራ እስክትመጣ አንቺ ድነሽ ትጨፍሪያለሽ" ብላ ፔልደን ሳቀች። (እውነት ነው እንጂ።)

"ዛንግሞ ብለህ ጻፍ" አልኩት፤ ጻፈ። "አንተስ ልጄ፣ ማን አለህ?" ስለው ደመናውን እያየ ነገረኝ። ለካ እሱም በወሩ መጨረሻ ሥራውን ትቶ ወደ ፐርዝ ይሄዳል፤ እዚያ አንድም ዘመድ የለውም። "ደስታ ጠያቂያችንም ሊያመልጥ ነው" ብላ ፔልደን ብታሾፍበት ጆሮው በርበሬ መሰለ። (መልኩ አይከፋም፤ እኔ ምንም አላልኩም።)

ለሲንግዬ በርበሬና የደረቀ አይብ አስይዤልሻለሁ። ክፉ አይንካሽ፤ ጸሎቴ ባለሽበት ይደርሳል። መቼ ትመጫለሽ ብዬ አልጨቀጭቅሽም። ብቻ እዚያ፣ "ብትታመም ማን ይደርስልሃል?" ብለው ቢጠይቁት፣ ይህ ልጅ ያንቺን ስም መጥራት ይቻለው።