መኪና የማይገባበት ሰፈር

ሐሙስ፣ ኅዳር ፮ ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች ብለሽኝ ነበር፤ እሰይ፣ ያሳድግልሽ።

ባለፈው በስልክ «ደህና ነኝ፣ ከቤቴ የትም አልሄድም» ያልኩሽን እርሺው። ደህና አይደለሁም። የመንገዳችንን ጥበት ታውቂዋለሽ፤ ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ እጇን ብትዘረጋ መጋረጃዬን ትነካዋለች። ያን ቀን የተናገርኩት ለአንቺ ሳይሆን ለእሷ ነው። ለዚህ ነው ብዕር ያነሣሁት። እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ፊደሌም ተንጋዷል፤ ታግሠሽ አንብቢው።

ስለ ወንድምሽ «ልቡ ነው» ብቻ ብዬሻለሁ። ለቀብሩም ስላልደረስሽ የነገረሽ የለም። ቀሪውን ልንገርሽ። ጠዋት ነበር። ከታች የቁልፍ መሥሪያ ሱቁን እንደከፈተ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ስጠራው ቀና አላለም። አምቡላንስ ተጠራ። መኪና እዚህ ስለማይገባ እንደ ወትሮው ለቃሬዛ የሚሆን በር ከማጠፊያው ተነቀለ። አንቺም ልጅ ሆነሽ እግርሽ የተሰበረ ጊዜ በበር ላይ ተኝተሽ ነው የወጣሽው። አሁን የኛን በር ነቀሉት። የሰፈሩን በር ሁሉ ሲጠግን የኖረ ልጄ በገዛ ቤቱ በር ላይ ተጋደመ። ዳቦ ጋጋሪው ከፊት፣ ልብስ ሰፊው ከኋላ፣ ሌሎችም ከጎን ሆነው ወደ ታችኛው መግቢያ ወረዱ። በሽተኛ ሁልጊዜ በዚያ ነው የሚወጣው፤ ቁልቁለት ስለሆነ ለተሸካሚ ይቀላል። የአምቡላንሱ ሹፌር ግን የኛን ልማድ ከየት ያውቃል? በላይኛው መግቢያ ቆሞ ይጠብቃል።

ተመልሰው ዳገቱን ወጡ። እጅ ሊቀያየሩ ልብስ ሰፊው ደጃፍ ያለችው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። እዚያው አለፈ።

«ወደ ታች» ያለው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ዳቦ ጋጋሪው ግን «እኔ ነኝ ያልኩት» እያለ ያለቅሳል። ልብስ ሰፊው «የለም፣ እኔ ነኝ» ይላል። በዚህ ነገር ተኳርፈዋል። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ዝም እላለሁ። አንቺም አትጠይቂ።

ሰው አንድም ቀን ትቶኝ አያውቅም። ፀጉር ሠሪዋን ወንድምሽ «ራዲዮ» ያላት በከንቱ አይደለም። ባለፈው ሳምንት መስኮቴን ሳልከፍት ረፍዶ ኖሮ፣

«እትዬ፣ ተነሥተሻል ወይስ በሩን ላስነቅለው?» ብላ ጮኸች።

ቃሉ ካመለጣት በኋላ ደነገጠችና አፏን በእጇ ያዘች። እኔም «ተነሥቻለሁ፣ አንቺ ወሬኛ፣ የሰው ፀጉር እንዳታሳርሪ» ብዬ ሳቅኩላት። ከዚያ መጋረጃውን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ልብስ ሰፊው ያቺን ድንጋይ ሰው እንዳይረግጣት ብሎ የአበባ ማሰሮ አስቀመጠባት። ደግነቱ ነው። ግን ዳቦ ቤቱም፣ ገበያውም፣ መቃብሩም በእሷ በኩል ነው፤ ወደነዚያ ሌላ መተላለፊያ የለም። ሳልፍ ስፌቱን ትቶ ይነሣና «እህቴ» ይላል። እኔም አበባውን ዞሬ አልፋለሁ። ጎብኚዎች አበባውን ፎቶ ያነሣሉ። አስጎብኚያቸው ትናንት ደጄ ቆሞ፣ «እዚህ ሰው ሁሉ የሚሄደው በእግሩ ነው፤ መኪና ገብቶ አያውቅም፤ ጎረቤቱ የሚዋደደውም ለዚህ ነው» ሲላቸው ሰማሁት። እውነቱን ነው። ተዋደን ነው የኖርነው። አንቺ «እማዬ፣ መኪና ደጅ የሚደርስበት ቤት ልከራይልሽ» ስትይ፣ እኔ «ደጄ ላይ ጡሩምባ ከምሰማ ብሞት ይሻለኛል» እል ነበር። አሁን ጡሩምባ ይናፍቀኛል።

በሩን መልሰው ገጥመውልኛል። ስከፍተውም ስዘጋውም እሱ እንደተጋደመበት ስለሚታየኝ ክፍቱን መተው ጀመርኩ። ክፍቱን ሲያዩ ደግሞ ይገባሉ። ሾርባ ይዘው ይገባሉ። እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ስላለኝ ሲወጡ ጓሮ እደፋዋለሁ፤ ሳህኑን አጥቤ «እጅሽ ይባረክ» ብዬ እመልሳለሁ። ቀሚሶቼ ሰፍተውኛል፤ ልብስ ሰፊው አይቶ እንዳይጠይቀኝ ነጠላ እደርባለሁ።

ታዲያ ለምን አትወጪም ትይኝ ይሆናል። በገዛ እግሬ ከወጣሁ «ልጄን ገደላችሁት ማለቷ ነው» ብለው ይቀራሉ። ዳቦ ጋጋሪው ያኔ ምን ይሆናል? ይህን ላደርግባቸው አልችልም። መቆየትም አልችልም፤ እንዲህ ከቀጠልኩ በዚያው በር እኔንም ይሸከሙኛል።

ስለዚህ ነይና አውጪኝ፤ ሰው እያየ አውጪኝ። እኔ አልሄድም ብዬ እጮኻለሁ። ጨካኝ እልሻለሁ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት እላለሁ፣ መቃኑን አንቄ እይዛለሁ። አትመኚኝ። ጣቶቼን አላቀሽ ጎትቺኝ። ራዲዮ ትሰድብሻለች፣ ልብስ ሰፊውም ሊገላግል ይመጣል። አንቺን ይጥሉሽ፤ ራሳቸውን ከሚጠሉ ይሻላል። ይህን ክፉ ስም ለእናትሽ ስትይ ተሸከሚልኝ። ደግሞ በላይኛው መግቢያ ይዘሽኝ ውጪ።

በስልክ ይህን ጉዳይ አታንሺብኝ። ደውለሽ «ግድ ነው፣ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብቻ በይኝ። እምቢ እላለሁ። ደጋግሜ እምቢ ስልሽ እየለመንኩሽ እንደሆነ እወቂ።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ለማድረስ በአበባው በኩል ማለፍ አለብኝ። ተነሥቼ ተቀመጥኩ፤ ደግሞ ተነሣሁ። አሁን እሄዳለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። የምትሄጂበት መንገድ ሁሉ ሰፊ ይሁንልሽ፤ መኪና የሚያስገባ።

እናትሽ